የአያቴ በቅሎ የወለደችበት ቀን

ልጃችሁን በኪሎ ልታስመዝኑ ለጥቂት ተርፋችሁ ታውቃላችሁ? ጤና ጣቢያ ማለቴ አይደለም። ካርጎ ቤት፣ ከብርድ ልብስና ከፎጣ ጋር፣ ወደ መርካቶ ለመላክ። እኔ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ታሪኩን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ "አንቺ ግን ምን ዓይነት እናት ነሽ?" ይለኛል። ሁለቱም ይገባኛልና ሳቃችሁንም ስድባችሁንም እያዘጋጃችሁ አንብቡ።

ሉባባ እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ያን ጊዜ አጅማን በምትባል የዱባይ ጎረቤት ከተማ ውስጥ፣ አምስት ሴቶች በሚኖሩበት አፓርታማ፣ በቀጭን ሰሌዳ በተከፈለች ክፍል ከአምስት ዓመት ልጄ ከኢክራም ጋር አንድ አልጋ ተከራይቼ ነበር የምኖረው። እዚህ አገር ይህን ቢድ ስፔስ ይሉታል። አልጋው የእናንተ ነው፣ ቀሪው ቦታ የሌላ ሰው ነው። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ኦማን ሲሄድ ሳምንት፣ ሲመለስ በሹፌሮች ማደሪያ እንቅልፍ። እኔ በየጠዋቱ በአውቶቡስና በሜትሮ ዱባይ አል ባርሻ ድረስ እሄድና የሰው ቤት አጽድቼ እመለሳለሁ።

ቤቱን በስሟ የያዘችው እትዬ ዙፋን ከዱባዩ ገበያ ከዴራ ዕቃ በጅምላ እየገዛች ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ነጋዴ ናት። እሷ እዚያ አትኖርም፤ ኮሪደሩን ግን መጋዘን አድርጋዋለች። ሕጓ አንድ ነበር። "ልጅ አይገባም። ልጅ ካለ ይጮኻል፣ ከጮኸ ጎረቤት ይከሳል፣ ጎረቤት ከከሰሰ የማዘጋጃ ቤት ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ እሱ ከመጣ ሁላችንም ከነአልጋችን ውጭ ነን።" እኔም "እሺ እትዬ ዙፋን" ብዬ ገባሁ። ኢክራምን ያስገባሁት በማግስቱ ነው። እናም ስምንት ወር ሙሉ የሌለች ልጅ ሳሳድግ ቆየሁ።

የሌለች ልጅ ለማሳደግ ሥልጠና ያስፈልጋል። የበሩ ደወል ሲጮህ ኢክራም ትሰወራለች። ቁም ሳጥን፣ አልጋ ሥር፣ ከመጋረጃ ኋላ፣ ባገኘችበት። ማንም ስሟን ቢጠራ አትወጣም። እኔ ራሴ "ኢክራም!" ብዬ ብጣራ እንኳ አትወጣም፤ አጠገቤ ተቆጣጣሪ ቆሞ ሊሆን ይችላላ። የምትወጣው የምስጢር ቃላችንን ስትሰማ ብቻ ነው። ቃሉ "የአያቴ በቅሎ ወለደች!" ነበር። እሷም ከተደበቀችበት "ውሸት! በቅሎ አትወልድም!" ብላ እየሳቀች ትወጣለች። እኔ በዚህ ዘዴዬ በጣም እኮራ ነበር። ልጄን ጠበቅኳት ብዬ ነው፣ ይታያችሁ።

ቃሉን ያወጣችው ብርቄ ናት። ብርቄ የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር፣ ማታ ማታ ምግብ ቤት የምትሠራ፣ ቀን ቀን ኢክራምን የምትጠብቅልኝ ጓደኛዬ ናት። አፏ መዝጊያ የለውም። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የማታውቀውን ሰውዬ "ሽቶህን ቀንስ፣ ልጅቷ አስነጠሳት" ስትለው ሰምቻለሁ፤ ሰውዬው አማርኛ ባይገባውም በሚቀጥለው ፎቅ ወረደ። የራሷ ልጅ የላትም። ኢክራም ግን "የማን ልጅ ነሽ?" ሲሏት "የሉባባና የብርቄ" ነው የምትለው። አባቷን የምትጨምረው ስጦታ ይዞ ሲመጣ ነው።

ታዲያ ነገሩ ከመድረሱ ከአራት ቀን በፊት ተጣላን። ብርቄ ለቪዛ ጉዳይ ወጥታ ዘገየች። እኔን ደግሞ አሠሪዬ ማዳም እየጠበቀችኝ ነው። ምን አደረግሁ? ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም፣ ልጄን ቆልፌባት ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ብቻዋን ቆየች። ብርቄ በሰጠኋት ቁልፍ ከፍታ ስታገኛት ስልኳን አንስታ ኦማን ላለው ባሌ ደወለች። "ሚስትህ ልጅህን እንደ ሱቅ ቆልፋባት ሥራ ሄደች" አለችው። ባሌ ከዚያ በረሃ ላይ ሆኖ የጮኸብኝ ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ወሬኛ!" አልኳት ብርቄን፣ ደረጃው ላይ አግኝቼ።

"ወሬኛ ነኝ" አለች። "ልጅ ከሚቆለፍባት እኔ ወሬኛ ልባል።"

እውነት ስለነበረ የበለጠ ተናደድኩ። እኛ ቤት ኩርፊያ የሚታወቀው በዋይፋይ ነው፤ ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚቀየረው የይለፍ ቃል ነው። ብርቄ የምትጠቀመው በእኔ ዋይፋይ ነበርና ያኑ ቀን ቀየርኩባት። ይህም አልበቃኝ አለና የኢክራምንም ቃል ቀየርኩ። "ከዛሬ ጀምሮ የአያቴ በቅሎ ቀርታለች" አልኳት። አዲሱን ቃል በጆሮዋ ስነግራት አኮረፈች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ነገሩ የደረሰበት ቀን ሰኞ ነው፤ ወሩ ጥር ነበር። ጥር መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ የሐምሌ ሙቀት ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝልኝም ነበር። ከሌሊት ፈረቃ የተመለሰችው ሰሚራ፣ አብራን የምትኖር የጅማ ልጅ፣ "ሂጂ፣ እኔ አለሁ። ተኝቼም ጆሮዬ አይተኛም" አለችኝ። ኢክራም ተኝታ ነበር። ዳቦና ወተት አስቀምጬላት ወጣሁ። እንግዲህ ከብርቄ ይልቅ የሰሚራን ጆሮ መርጬ መሄዴ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ አል ባርሻ የማዳምን ሳሎን እየወለወልኩ ስልኬ ጮኸ። ብርቄ። ዘጋሁት። እንደገና ደወለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብዬ እንደገና ዘጋሁት። ሁለተኛውን ስዘጋ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ። ሦስተኛው ላይ አነሳሁ።

"ምን ፈለግሽ? ዋይፋይ ነው?"

"ኢክራም አብራሽ ናት?" ድምፅዋ ሌላ ነው።

"ቤት ናት እንጂ! ሰሚራ…"

"ሰሚራ አሁን ነው የቀሰቀስኳት። ሩዝ ይዤላት ወጥቼ ነበር፤ ለአንቺ እንዳይመስልሽ። ልጅቷ የለችም ሉባባ። ቁም ሳጥን የለችም፣ አልጋ ሥር የለችም፣ ሰገነት ወጥቼ አይቻለሁ። የሕንፃው ጠባቂ ብቻዋን የወጣች ልጅ አላየሁም ይላል።"

መወልወያውን ጥዬ ቆምኩ። "ጠርተሻታል?"

"ጠርቻታለሁ! በቅሎዋን አሥር ጊዜ አስወለድኳት፣ መልስ የለም!"

መልስ ያጣችው ልጄ ስለሌለች ነው ወይስ እኔ ቃሉን ስለቀየርኩ? ወለሉ ላይ፣ እርጥቡ ላይ ተቀመጥኩ።

"ብርቄ… ቃሉን ቀይሬዋለሁ።"

ብርቄ ዝም ስትል ያን ቀን ነው የሰማሁት።

"ምን ብለሽ?"

ቃሉን ለእሷ መናገር አፈርኩ። "እኔ ራሴ በስልክ እላታለሁ፣ ድምፁን ክፈቺው" እያልኩ ስንተባተብ ከወዲያ የሰሚራ ጩኸት ተሰማ።

"ብርቄ! እነዚህ ብርድ ልብሶች ምንድን ናቸው?"

ሦስት አዲስ ብርድ ልብሶች፣ ከነፕላስቲካቸው፣ ከኮሪደሩ መጋረጃ ጀርባ ተወትፈው ተገኙ። የእትዬ ዙፋን ዕቃ ናቸው። ብርቄ የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ።

"ሰሚራ፣ ዛሬ ሰው መጥቶ ነበር?"

"አዎ፣ አራት ሰዓት ላይ የካርጎ ሰዎች ደወሉ። ከፈትኩላቸው፣ ኮሪደር ያሉትን ሻንጣዎች ይዘው ሄዱ። እኔ ተመልሼ ተኛሁ።"

እንግዲህ ገባችሁ አይደል? ደወሉ ጮኸ። ልጄ እንደሰለጠነችው ተሰወረች። የተሰወረችው ግን ደወሉን የደወሉት ሰዎች ሊወስዱት በመጡት ሻንጣ ውስጥ ነው። እነዚያን ትልልቅ፣ ባለ መስመር፣ ዚፕ ያላቸውን የሸራ ሻንጣዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ በግም ቢሆን ይገባባቸዋል። ለራሷ ቦታ ለማግኘት ሦስት ብርድ ልብስ አውጥታ፣ ማንም እንዳያየው ደብቃ፣ ገብታ ዚፑን ከውስጥ ስባለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች።

"ለዙፋን ደውዪ" አለችኝ ብርቄ። "የካርጎውን ስልክ የምታውቀው እሷ ናት።"

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አመነታሁ። ልጄ ሻንጣ ውስጥ ሆና እኔ ስለ አልጋዬ አሰብኩ። "ልጅ እንዳለኝ ካወቀች እኮ ታስወጣናለች" አልኩ።

"አልጋሽን ይብላው ጅብ!" ብርቄ ጮኸች። "ተዪው፣ እኔ እደውላለሁ። ወሬኛ አይደለሁ?"

በሦስት ደቂቃ ተመልሳ ደወለች። ዙፋን ካርጎ ቤቱን ጠይቃ እንደነገረቻት፣ መኪናው በመንገዱ ሻርጃ ከተማ ላይ ሌላ ጭነት ጭኖ አል ቁዝ ወደሚገኝ መጋዘን ሄዷል። ሹፌሩ ስልክ አያነሳም። አል ቁዝ ደግሞ እኔ ካለሁበት ከአል ባርሻ ቅርብ ነው። እኔ ጠዋት ሦስት ከተማ አቋርጬ የመጣሁትን መንገድ ልጄ ከኋላዬ ተከትላኝ መጥታለች።

ማዳም ከመኝታ ቤቷ ወጥታ "ሹ ፊ? ሙሽኪላ?" አለችኝ፣ ምን ተፈጠረ ማለቷ ነው። "ቢንቲ!" ብቻ ነው ያልኳት፣ ልጄ ማለቴ ነው፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ የማስበው ሻርጃ ላይ የተጫነውን ሌላ ጭነት ነው። ከላይ ነው የጫኑት ወይስ ከጎን? ብርቄ ስልኩን አልዘጋችውም፤ እሷም አጅማን ታክሲ ይዛ መንገድ ጀምራለች። "ዚፕ አየር ያስገባል" ትለኛለች። "እኔ አውቃለሁ፣ ዚፕ አየር ያስገባል።" ስለ ዚፕ ምንም እንደማታውቅ አውቃለሁ። ግን በየደቂቃው እንድትደግምልኝ እጠይቃታለሁ፣ በየደቂቃውም ትደግምልኛለች።

መጋዘኑ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሻንጣዎቹ ተከምረዋል፤ ስድሳም ሰባም ይሆናሉ፣ ሁሉም ባለ ሰማያዊና ቀይ መስመር። ሁለት ሠራተኞች አንድ በአንድ ሚዛን ላይ እያወጡ፣ ከዚያ በፕላስቲክ እየጠቀለሉ፣ ዙሪያውን ቴፕ ይለጥፋሉ። የተጠቀለሉት በአንድ በኩል ተደርድረዋል። ፕላስቲክ ደግሞ አየር አያስገባም።

"ኸላስ! ኸላስ! ቢንቲ ጁዋ!" ብዬ ሮጥኩባቸው። ተዉ፣ ልጄ ውስጥ ናት ማለቴ ነው። አንደኛው ሠራተኛ የሰማውን ማመን አቅቶት ቴፑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሌላው ግን የተጠቀለሉትን በቢላ እየቀደደ መክፈት ጀመረ። አላህ ይስጠው፣ ምንም ሳይጠይቅ።

"ብርቄ፣ የዙፋን የትኛው ነው? ምልክት አለው?"

"ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ ብላለች!"

ቀና ብዬ አየሁ። ዋላሂ፣ ግማሹ ሻንጣ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ለካስ የእኛ ሰው ሁሉ ዕቃው እንዳይጠፋበት የሚያስበው አንድ ዓይነት ነገር ነው።

"ኢክራም! ኢክራሜ! እማማ ነኝ!"

ዝም። በእርግጥ ዝም ትላለች። ያስተማርኳት እኔ። ቃሉን ማለት አለብኝ። ስልኩ በእጄ ነው፣ ድምፁ ተከፍቷል፣ ብርቄ የማንኛውንም ሰው ትንፋሽ ትሰማለች። አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩና በሙሉ ድምፄ ጮህኩ።

"ብርቄ ወሬኛ ናት!"

ያወጣሁት ቃል ይህ ነበር። አዳራሹ መልሶ አስተጋባው። "ብርቄ ወሬኛ ናት! ኢክራም፣ ብርቄ ወሬኛ ናት!" እያልኩ ከክምር ወደ ክምር ሮጥኩ፤ እያለቀስኩ፣ ሻንጣ እየደበደብኩ። መልስ የለም። ከስልኩም ድምፅ የለም። በቃ፣ ልጄም ጓደኛዬም ባንድ ቀን ሄዱ ብዬ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ።

ያኔ ስልኩ ተናገረ።

"ሉባባ፣ ስልኩን ወደ ላይ ያዢው። ወደ ላይ!"

ያዝኩት። ከዚያ ብርቄ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንድ ምስኪን ሹፌር ጆሮ ሥር፣ ያላትን ድምፅ ሁሉ አወጣች።

"የአያቴ በቅሎ ወለደችችችች!"

ሁለቱ ሠራተኞች እንኳ ቆሙ። ከግድግዳው ጥግ፣ ገና ሚዛን ላይ ካልወጡት ውስጥ፣ ከሁለት ሻንጣ ሥር፣ ቀጭን የታፈነ ድምፅ መጣ።

"ውሸት… በቅሎ አትወልድም…"

ላይ ያሉትን ሻንጣዎች እንዴት እንዳነሳኋቸው አላውቅም፤ ወገቤ ግን ለሳምንት ያውቀው ነበር። ዚፑን ስከፍተው ልጄ በላብ ታጥባ፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ፣ በብርድ ልብስ መሐል ተጣጥፋ ነበር፤ ብርሃኑ ዓይኗን ወጋት። መጀመሪያ ያለችኝ "ሄዱ?" ነው። ተቆጣጣሪዎቹን ማለቷ ነው። እንደዚያ ሆና እንኳ እየጠበቀችኝ ነበር። አቅፌያት የጮህኩትን ጩኸት አልጽፈውም።

ውሃ ጠጥታ ትንፋሽዋ ሲመለስ "ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽኝ? ቃሉን ብዬሽ አልነበር?" አልኳት።

"እሱ ስድብ ነው" አለች። "ሲሰድቡ መልስ አይሰጥም ብለሽኛል።"

ብርቄ ከሰዓት በኋላ ደረሰች፤ የሻርጃ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘግቶ ነበር። መጀመሪያ ልጅቷን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ መረመረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፋሁ።

"ስድሳ ሻንጣ ፊት ስሜን አጠፋሽው" አለችኝ።

"ይቅርታ፣ አውፍ በዪኝ ብርቄ።"

"አውፍ አልልም።" ሩዙን ከቦርሳዋ አወጣች። ይህን ሁሉ መንገድ ይዛው መጥታለች። "መጀመሪያ ልጅቷ ትብላ። ደግሞ ለአባቷ ማን ይነግረዋል ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ በመንገዴ ነግሬዋለሁ።"

እትዬ ዙፋን በሳምንቱ አስወጣችን። አልዋሽም፣ መብቷ ነው። ስትሰናበተኝ ግን "ስምንት ወር ሙሉ መታጠቢያ ቤቴ ውስጥ የልጅ ጥርስ ብሩሽ ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት እሺ እልሽ ነበር" አለችኝ። ያ "ምናልባት" እስካሁን ያንገበግበኛል፤ ጠይቄያት አላውቅምና። አሁን ሻርጃ ውስጥ እኔ፣ ኢክራምና ብርቄ ስቱዲዮ የሚሏት ባለ አንድ ክፍል ቤት አለችን። ጠባብ ናት። ኢክራም ግን በስሟ ትጠራባታለች፣ ትጮኽባታለች፣ ጎረቤትም ያውቃታል።

እናንተ በቢድ ስፔስ ልጅ የምታሳድጉ እህቶቼ፣ እንደኔ የምትፈሩ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የምፈርድባችሁ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ ለጥቂት በኪሎ ያልተላከችብኝ። ግን ስሙኝ። እኔ ልጄን ከሰው መደበቅ መጠበቅ መስሎኝ ነበር። ልጅ ስትጠራ እንዳትሰማ ካስተማራችኋት፣ የምትፈልጓት ቀን እናንተም አታገኟትም። ሁለተኛ፣ በልጃችሁ ጉዳይ በባላችሁ ፊት የምታሳጣችሁ ጓደኛ ካለቻችሁ ያዟት። እኔን "አይዞሽ፣ ምንም አይደል" የሚሉኝ ደርዘን ሴቶች ነበሩ፤ ያን ቀን ልጄ በልታለች ወይ ብላ ደረጃ የወጣችው ያኮረፍኳት ብቻ ናት። ሦስተኛ፣ ከሰው ጋር ስትጣሉ ዋይፋዩን ብቻ ቀይሩ።

አሁን ቤታችን የምስጢር ቃል የለም። ብርቄ ግን ከሥራ ስትመለስ ቁልፍ እያላት በሩን ትደበድብና "የአያቴ በቅሎ ወለደች!" ትላለች። ኢክራም "ውሸት" ማለቱን ትታለች፤ ዕድሜም ዘዴ ያስተምራል። ከወዲህ ሆና "ምን ወለደች?" ትላታለች።

"እናትሽን!" ትላለች ብርቄ ከውጭ፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ።

እኔም የበቅሎዋ ልጅ ተነስቼ በሩን እከፍትላታለሁ።